ልጁ ወይስ ልጆቹ

የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ የትኛው» ይሏት ነበር። አንዱ «ሰውየው መጣ» ካለ፣ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «የትኛው ሰውዬ?» ትላለች። ቤት ውስጥም ታናሽ ወንድሟ «ቁልፉን አቀብዪኝ» ሲላት «የትኛውን?» እያለች ታናድደዋለች። ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ሥራዋም ይኸው ነበር።

ድሮ የቋንቋ መምህርት ነበረች። ድምጿ እየተዘጋ ሲያስቸግራት ማስተማሩን ተወችና፣ አንድን መልእክት በስምንት ቋንቋ የሚጽፍ ፕሮግራም ወደሚሠራ ድርጅት ገባች። ፕሮግራሙ አይተረጉምም፤ ሐሳቡን ይቀበልና በየቋንቋው ሰዋስው ዐረፍተ ነገሩን ራሱ ይገነባዋል። ለእሷ የደረሷት ስሞችና ስሞች ላይ የሚለጠፉት ነገሮች ነበሩ፤ አንድ፣ ብዙ፣ ይህ፣ ያ፣ የታወቀ፣ ያልታወቀ። በአንዳንዱ ቋንቋ «የታወቀ ነው» የሚለው ምልክት ከስሙ ፊት ለብቻው ይቆማል። በእኛ ግን ጭራው ላይ ይለጠፋል፤ «ልጅ» የነበረው «ልጁ» ይሆናል። ቅጽል ከመጣ ደግሞ ዘሎ ቅጽሉ ላይ ያርፋል፤ «ትንሹ ልጅ»። አጠገቧ የሚቀመጠው ባልደረባዋ በያዘው ቋንቋ ይህ ሁሉ የለም። ስሙ አንድም ይሁን መቶ ንቅንቅ አይልም። «እኔማ ተገላግያለሁ» እያለ ይስቅባታል።

የእሷ ሰዋስው ሳይመርጥ መናገር አይችልም። ወንድ ወይስ ሴት? አንድ ወይስ ብዙ? ተጠቃሚዎቹ ደግሞ፣ ለቤተሰብ መልእክት የሚልኩ ሆስፒታሎችም ጭምር፣ ሁሉንም አይሞሉም። ስለዚህ አንድ ደንብ ጻፈች፦ ቁጥርና ፆታ ካልተነገረ ነጠላና ወንድ ይሁን። አለቃዋ ወደደላት፤ መልእክቱ አይቆምማ! እሷም ሌላ ሥራ ስትይዝ ደንቡን ረሳችው።

የወንድሟ ሚስት ምጥ የያዛት ቀን እኅትና ወንድም በሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ ወለሉ ላይ በተቸነከሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። የሚጠበቁት መንታ ነበሩ፤ ሐኪሙ ወንድና ሴት ናቸው ብሏቸዋል። ወንድሟ የአውቶብስ ሹፌር ነው፤ መሪ የለመዱት እጆቹ ሥራ ፈትተው ጉልበቱን ይደበድባሉ። ስልኩ ጮኸ። አንብቦ ብድግ አለ፣ ወዲያው ፊቱ አመድ መስሎ መልሶ ተቀመጠ።

«ምን ይላል?» አለችው።

«እናትየዋና ልጁ ደህና ናቸው።» ስልኩን ዘረጋላት። «ልጁ ነው የሚለው፣ እታለም። ልጅቷስ?»

ክው አለች። ዐረፍተ ነገሩን እንደ ገዛ እጅ ጽሑፏ ለየችው። መልእክቱን የላከችው አዋላጅ ቁጥሩን ሳትሞላ ቀርታ ደንቡ ሞልቶት ይሆናል፤ ወይም አዋላጇ ራሷ አንድ፣ ወንድ ብላ ሞልታ ይሆናል። ከጽሑፉ ሁለቱን መለየት የሚችል ሰው የለም።

«ምናልባት ሳይሞሉት ቀርተው ይሆናል» አለች ቀስ ብላ።

«በምን አወቅሽ?»

«እንዲህ እንዲል ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ዞሮ አያት። «እና እውነት ነው ውሸት?»

«አላውቅም።»

«ራስሽ ሠርተሽው?»

«ራሴ ሠርቼው አላውቅም፣ ወንድሜ።»

ተነሥቶ የማዋለጃ ክፍሉ በር ጋ ሄዶ ቆመ። እሷ ባልደረባዋ ጋ ደወለች። «ሆስፒታሉ የሞላውን ማየት ይቻላል?» «ለእኛ ዝግ ነው፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ስልኩን ዘጋችው። ከበሩ ወዲያ ጎማ ያለው ነገር እየተገፋ በሩጫ አለፈ። ወንድሟ ግንባሩን የበሩ መስታወት ላይ ለጠፈ።

በሩ ሲከፈት አዋላጇ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። «አባትየው እርስዎ ነዎት? ልጁ ከእናቱ ጋር ነው። ልጅቷ ስትወለድ መተንፈስ አቅቷት ነበር፤ አሁን ማሽን እያገዛት ነው። ገና አስተማማኝ አይደለችም፣ ግን አለች።»

«አለች?» አለና እዚያው ቁጢጥ አለ።

«መልእክቱ ስለ እሷ ምንም አይልም» አለች እኅትየው።

«የቱ መልእክት? እ... እሱን ነካ አድርጌ ወደ ልጅቷ ሮጥኩ። ቁጥር ይጠይቃል፤ ባልሞላውም ግን ይሄዳል።»

ባልሞላውም ይሄዳል። እንዲሄድ ያደረገችው እኅትየው ነበረች።

ልጅቷ የሚያሞቅ የመስታወት ሣጥን ውስጥ በነበረችበት ጊዜ ሁሉ ወንድሟ ከሰላምታ አልፎ አላናገራትም። እሷም አላስገደደችውም። ቢሮ ሄዳ ደንቡን ሰረዘችው።

«መልእክቱ ሊቆም ነው?» አለ አለቃዋ። «ሌሎቹ ቋንቋዎች ያለ ችግር እየሄዱ ባንቺ ምክንያት?»

«ይቁም። ያላወቅነውን የታወቀ አስመስለን ከምንልክ ይቁም።»

«ችግሩ ያንቺ ቋንቋ ብቻ ነው እኮ!»

ያ ሳቂታ ባልደረባዋ ወንበሩን አዞረ። አሁን አልሳቀም። «የእኔም ይቁም። ለወንድሟ በእኔ ቋንቋ ቢደርሰው ኖሮ፣ ስሙ ለአንድም ለብዙም ያው ስለሆነ፣ መንታዎቹ ሁለቱም ደህና ናቸው ብሎ ያነብ ነበር። ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። የቱ ይብሳል?»

አለቃው «እሺ፣ ሁሉም ይቁም» አለ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ስንት እንደተወለዱና እያንዳንዳቸው እንዴት እንደሆኑ ካልተነገረው አንዲት ቃል አይጽፍም። አዋላጆቹ አዲሱ ጥያቄ ጊዜ ይበላል ብለው አማረሩ፤ ቅሬታው ሁሉ እሷ ጋ ይመጣል፤ እሷም ለእያንዳንዱ ትመልሳለች።

ልጅቷ ከማሽኑ ተላቃ ከሆስፒታል የወጣች ሰሞን ወንድሟ ሳይደውል ቤቷ መጣ። ጥቅል አቅፎ በሩ ላይ ቆመ፤ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል።

«ያዣት» አላት።

«እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ፣ እታለም። ያዣት።»

ጥቅሉን ተቀበለችው። ሕፃኗ ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ ሳንባዋ ሙሉ መሆኑን ለሰፈሩ ሁሉ በሚያሳውቅ ድምፅ ጮኸች።