ሦስተኛው መርፌ

"ቁስሉ እኮ ድኗል ልጄ፤ ምን ልትሠሪ መጣሽ?" አሉኝ ዛሬ እማማ ዘነበች።

እዚህ ጉለሌ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። እማማ ከእንጦጦ እንጨት ሲያወርዱ ውሻ ነክሷቸው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሁለት ጊዜ ተወግተው ለሦስተኛው ቀሩ። ስልክ የላቸውም። በምሳ ሰዓቴ ወደ ቤታቸው የቁስቋምን ዳገት ወጣሁ። (ሰው ለስፖርት ብሎ ይወጣዋል አሉ!)

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ፣ ትንፋሼ ሲመለስ አስረዳኋቸው።

"ደምዎ ውስጥ ቢ ሴል የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ይህን በሽታ ለይተው የሚያውቁት ጥቂቶቹ ናቸው። መርፌው ሲቀሰቅሳቸው ይባዙና ፀረ እንግዳ አካል የሚባል መከላከያ ያመርታሉ። ግን ጊዜ ይፈልጋሉ፤ የሚበረቱትም ሲደጋገም ነው። ቁስሉ ቢድንም በሽታው ከወራት በኋላ ሊጀምር ይችላል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ መዳኛ የለውም።"

እማማም መልሰው ጠየቁኝ።

"ታዲያ ይህን ያኔ ለምን አልነገራችሁኝም?"

ሁለቱንም መርፌ የወጋኋቸው እኔ ነኝ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ደክሞኝም ነበር። ካርዱ ላይ ቀጠሮ ጽፌ "ቀጣይ!" ነው ያልኩት።

"ይቅርታ እማማ" አልኳቸው። ነጠላቸውን አንስተው ተከተሉኝ። ሦስተኛውን ወጋኋቸው።

እናንተስ? ምክንያቱ ሳይነገራችሁ ቀጠሮ ብቻ ይዛችሁ ተመልሳችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።