ከገዛ ደጇ

ጠበቃዬን በአካል አይቼው አላውቅም። የማውቀው ስልክ ላይ ነው፤ ግንባሩ ሰፊ፣ ኔትወርኩ ሲደክም አፉ እንደተከፈተ የሚቀር ልጅ እግር ሰው። እሱ ደብረ ብርሃን፣ እኔ ባሕር ማዶ፣ ፉትስክሬይ የሚሉት ሰፈር።

ነገሩ የታላቅ እህቴ ቤት ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ዳዴ እል ነበር አሉ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ ተሰድጄ በሱዳን አድርጌ እዚህ ስደርስ፣ እሷ እዚያው ቤት ቀርታ አባታችንን ጦራ ቀበረች። ባል አላገባች፣ ልጅ የላት። በስተርጅናዋ የእንጀራ ወንድማችን ልጅ ተነሥቶ፣ ቤቱ የአባቴ ነው ብሎ ከሰሳት። ፈረዱለት።

«ከዚህ ቤት እንደሁ መውጫዬ አንድ ነው፤ እሱም በቃሬዛ» አለችኝ በስልክ። ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

የጠበቃውን ቁጥር ከቤተ ክርስቲያን ሰው አገኘሁ። መጀመሪያ ስንነጋገር፣

«አባቴ፣ ከዚህ ክስ ምንድነው የሚፈልጉት? ድርሻ ነው? ካሳ ነው?» አለኝ።

«እርስዎ እንደሚያውቁት...»

«አንተ ይበሉኝ እንጂ፣ ልጅዎ ነኝ።»

«እንግዲያው ልጄ፣ እኔ ቤት አልፈልግም። እህቴ በቁሟ ከቤቷ አትውጣብኝ። ቀኗ ሲደርስ ሬሳዋ ከገዛ ደጇ ይውጣ። ሌላ የለኝም።»

«ለፍርድ ቤቱ በሌላ አማርኛ ነው የምጽፈው፤ ግን ገብቶኛል» አለኝ። ወደድሁት።

የአባታችን ልጅ ስለሆንሁ በይግባኙ ስሜ እንዲገባ ውክልና መስጠት ነበረብኝ። ከተማው ዳር ፖይንት ኩክ ያለችው ልጄ ከሥራዋ ኦፍ ወስዳ ካንቤራ ኤምባሲው ድረስ ነዳችኝ። መንገዱ ሁሉ በግና ሽቦ አጥር ነው። ፈርሜ ላክሁ፤ ከርሞም ጠበቃው «እግድ ወጣ» አለኝ። እግድ ማለት ይግባኙ እስኪያልቅ ማንም አያስወጣትም ማለት ነው። ያን ቀን ደስ ብሎኝ እስከ ጎረቤት ሰፈሩ ያራቪል በእግሬ ሄድሁ፤ ወደብ የሚገቡትን ትልልቅ መኪኖች እያየሁ እንደ ልጅ ቆምሁ።

ከዚያ ልቤን አመመኝ። ደረቴን ከፍተው ጠገኑኝ። ከሆስፒታል ስወጣ የእህቴ ስልክ አይነሣም።

«ጆሮዋ ደክሟል አሉ አባዬ፣ ስልኩን አትሰማውም» አለች ልጄ።

ይሁን፣ አርጅታለች አልሁ። ወደ ጠበቃው ዞርሁ። እዚያ ፍርድ ቤት ሲከፈት እዚህ ቀኑ እየመሸ ነው፤ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እደውላለሁ። አንዴ ዳኛው ተቀይረዋል፣ አንዴ መዝገቡ አልቀረበም፣ አንዴ ቀጠሮው ተላልፏል።

«እህቴንስ አየሃት?»

«አያስቡ አባቴ። አሁን እሷን የሚነካት የለም።»

ለልጄ፣ ይኼ ጠበቃ እያሞኘኝ ነው አልኋት።

«አባዬ፣ የሰውየውን ጆሮ በላኸው እኮ!» ብላ ቀለደችብኝና ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዞረች። የታጠበውን ሲኒ ደግማ ታጥባለች።

አንድ ቀን ግን ታከተኝና፣ «ልጄ፣ ሽማግሌ አታሞኝ። እዚያ ብሆን ደጅህ ቆሜ እጠይቅህ ነበር» አልሁት። ፊቱን ከስልኩ ዘወር አደረገ። «እግዚአብሔር ያያል አባቴ፤ ትንሽ ይታገሡኝ» አለ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የማኅበራችን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ልጄ ከኋላቸው ናት። እኔም በዚህ ከተማ በስንቱ ደጃፍ እንደዚያው ቆሜአለሁ፤ መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ ከታመመ ሰው እስኪያገግም እንደሚደበቅ አውቃለሁ። ለሌላው ሳደርገው የኖርሁትን በራሴ ላይ ሳላየው ቀረሁ። እህቴ የሞተችው እኔ ደረቴ ተከፍቶ በተኛሁበት ሳምንት ነው። ዐርባዋም ወጥቷል።

ለቅሶው ሲበተን ጠበቃው ራሱ ደወለ። ዐይኑ ቀልቷል።

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ። ዘመድ ሁሉ ለመነኝ፤ ልጅዎም አለቀሰችብኝ። መዝገቡ የቆመው ተከራካሪዋ ስለሞተች፣ ወራሽ እስኪተካ ነው። አሁን ወራሽነትዎን ካረጋገጥን...»

«ተወው ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከየት ወጣች?»

ስልኩ ላይ ፊቱ ቀጥ አለ፤ ኔትወርኩ ይሁን እሱ፣ እንጃ።

«ከገዛ ደጇ ነው የወጣችው አባቴ» አለ። «እግዱ እንደጸና ነበር።»

አመሰገንሁት። ምን እላለሁ? ድምፁ ግን ያው ነው፤ ዳኛው ተቀይረዋል ሲለኝ የነበረው ያ ደግ ድምፅ። ልጄን ብጠይቃት እንደሱ ትለኛለች፤ ጎረቤቶቿም እንደዚያው ይሉኛል፤ ማን ነው ለእኔ ዐይነቱ ሽማግሌ፣ የለም፣ ዕቃዋ ሜዳ ላይ ተጥሎ ከሰው ቤት ነው የወጣችው ብሎ የሚናገር? ሐኪሙ ደግሞ አውሮፕላን ከልክሎኛል።

አንዳንድ ቀን ሲመሽ አሁንም እዚያ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ስልኩን አወጣና መልሼ ኪሴ እከተዋለሁ።