የሁለት ሰው መጋዝ

አባቴ አቶ ሕሩይ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ወጣት ሳሉ ስለ ደን ሊማሩ ስዊድን መጡ፤ ከዚያም ዕድሜያቸውን በሙሉ ቢሮ ተቀምጠው ስለ ዛፍ ሲጽፉ ኖሩ። እናቴ ካረፉ ወዲህ ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ናቸው። በጥር በረዶ አንሸራትቷቸው ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተጎዳ። እኔ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ነርስ ነኝ፤ የወደቀ ሽማግሌ መጨረሻው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ሄሰልቢ፣ እኔ ቤት፣ እንዲገቡ ወሰንኩ። ክፍሉንም ቀለም አስቀባሁ። የቀረኝ ለእሳቸው መንገር ብቻ ነበር።

ነገሩን በሆዴ ይዤ ቅዳሜ ምሳ ጋበዝኳቸው፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ያለ ምግብ ቤት። ግድግዳው ግንድ ነው፤ ያላንጠለጠሉት መጥረቢያ የለም። አስተናጋጆቹ እንደ ድሮ እንጨት ቆራጮች ባለ ዳማ ሸሚዝ ለብሰዋል። ከጠገቡ በኋላ እሺ ይሉኛል ብዬ ነው።

የአጋዘን ሥጋ በብረት መጥበሻ መጣ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ። የእሳቸው ጸሎት ደግሞ አጭር አይደለም፤ አስተናጋጁ ሁለተኛውን መጥበሻ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

"ጌታ ሆይ፣ ስለ ማዕዱ ተመስገን። ልጄን ፌበንን ባርክልኝ። ለእኔ ብላ ክፍል ቀለም ማስቀባቷን አንተ ታውቃለህ። ከሃግሴትራ ቤቴ ግን አታስወጣኝ። በኢየሱስ ስም።"

"አሜን" አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ። የቀለሙን ወሬ ያደረሰችው ልጄ ሶፊ ናት። እኛ ቤት ፊት ለፊት የማይባል ነገር በጸሎት ይባላል፤ ጸሎትን ማን ይከራከራል? ተናደድኩ። ሥጋውን እየገዘገዝኩ በላሁ።

ደጅ፣ በተጋደመ ግንድ ላይ፣ እንግዳ ሁሉ የሚሞክረው ትልቅ መጋዝ አለ፤ በሁለቱም ጫፍ እጀታ ያለው። አባባ ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው አንዱን እጀታ ያዙ።

"ነይ!"

"አባባ፣ ዳሌዎ!"

"የሚስበው እጄ ነው። ነይ።"

ያዝኩ። ሁለት ጊዜ እንደሄደ መጋዙ ጎብጦ ግንዱ ውስጥ ተቀረቀረ። ደገምነው፤ አሁንም ተቀረቀረ።

"እየገፋሽ ነው" አሉኝ።

"ላግዝዎ ብዬ ነዋ!"

"ይኼ መጋዝ አይገፋም። በተራሽ ትስቢያለሽ፤ በእኔ ተራ እጅሽን ታላያለሽ። ግን እንዳትለቂው።"

እጄን አላላሁ። መጋዙ ሄደ፤ መጣ። ያን ጊዜ የአባቴ ጉልበት በብረቱ በኩል እጄ ድረስ ተሰማኝ። አልቋል ብዬ ነበር እኮ! ጉማጁ ዱብ ሲል ያየን ሰው አጨበጨበ። ደስ አለኝ፤ ንዴቴም የት እንደገባ አላውቅም።

ስንመለስ አባባ ጉማጁን ጭናቸው ላይ አድርገው መኪናው ውስጥ ተቀመጡ። የሄሰልቢው መገንጠያ ጋ ስንደርስ ጉማጁን ጠበቅ አድርገው ያዙ። እኔም ወደ ሃግሴትራ ቀጥ ብዬ አለፍኩት።

"ነገ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ምሳ እኔ ጋ ነው" አልኳቸው።

"ያለፈው እሑድ አንቺ ጋ ነበር። አሁን የእኔ ተራ ነው።"

"እሺ፤ ወጡን ሠርቼ ይዤ እመጣለኋ።"

"ፌበን" አሉኝ፤ "ባዶ እጅሽን ነይ።"