እትዬ ስንዱና የክረምቱ ፊልም

ባለፈው ሳምንት ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ፊልም ከፍቶ ነበር፤ ድምፅ ግን የለውም። ስፒከሩ ተበላሽቷል። «ወይ አሰሙን፣ ወይ ዝጉት!» እያለ ተሳፋሪው ሁሉ በረዳቱ ላይ ጮኸበት። እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ድምፅ የሌለው ፊልም ካየሁ ስንት ዘመኔ! እትዬ ስንዱ ፊት ለፊቴ ድቅን አሉብኝ።

እትዬ ስንዱ ዳንግላ ውስጥ ከጋሪ መቆሚያው ጀርባ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። የጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል፣ መቀመጫው የባሕር ዛፍ አጣና ነው፣ ቴሌቪዥኑ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይኖራል። ገና ስትገቡ የእርጥብ ጋቢ፣ የለውዝና የጋለ ዴክ ሽታ ይቀበላችኋል። ሴት ቪዲዮ ቤት ከፈተች ብሎ ከተማው ጉድ ቢል እሳቸው ምን ገዷቸው! ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ ሪሞቱን በፌስታል ጠቅልለው በሩ ላይ ጉብ ይላሉ።

የዳንግላን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ ፊልሙ ቀርቶ አጠገባችሁ ያለ ሰው ቢናገር አይሰማም። ሌሎቹ ቪዲዮ ቤቶች ያን ጊዜ ጭር ይላሉ። የእትዬ ስንዱ ግን ጢም ብሎ ይሞላ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ፊልሙን ያቆሙና ምስሉን በአርጩሜ ነካ አድርገው፣ ጉሮሯቸው እስኪነቃ «ይሄ ሰው ምን ዓይነት ነው? ከምኑ አወቃችሁ?» ይሉናል። ቤቱ ይታመሳል።

«ክፉ ነው! ሽጉጥ ይዟል!»

«ሽጉጥማ ፖሊሱም ይዟል፣ የኔ ብልጥ!»

ከዚያ ያሳዩናል፤ አሽከሩ ሻይ ሲያቀርብለት ቀና ብሎ አለማየቱን፣ ሴትዮዋ እየሳቀች ቀለበቷን ማሽከርከሯን፣ የጫማው ፊት ተወልውሎ ተረከዙ የተበላ መሆኑን። አንዳንዴ እሳቸውም ይሳሳታሉ። ደግ ነው ያሉት ሰው መጨረሻ ላይ ወንድሙን አሳልፎ ሲሰጥ «ኧረ ይሄ ቀጣፊ፣ እኔንም ሸወደኝ!» ብለው ከኛ በላይ ይስቃሉ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ሰው እናቴን ለትዳር ጠየቃት። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ሰውዬው አላምረው ይባላል፤ ከአዘና በኩል የመጣ የጋሪ ጠጋኝ ነው። አፉን የፈታው በአገውኛ ነው፤ አማርኛው ቁጥብ፣ በአገውኛውም ቢሆን እምብዛም የማይናገር። እናቴ «እሑድ ለምሳ ይመጣል፤ እይውና ንገሪኝ። አንቺ ካልወደድሽው ይቀራል» አለችኝ። ዓይኗ ግን «ይቅር» አይልም ነበር። ጨነቀኝ። እምቢ ብል እናቴን ብቻዋን ላስቀራት ነው፤ እሺ ብል የማላውቀውን ሰው እቤታችን ላስገባ ነው። ወደ እትዬ ስንዱ ሮጥኩ።

«እትዬ፣ አይናገርም እኮ! በምን ልወቀው?»

«ዝናብ እየዘነበ ነው በያ! ዓይንሽ የት ሄዶ?» አሉኝ።

እሑድ መጣ። ጥግ ይዤ አፈጠጥኩበት። ቤት እንዳያረጥብ ካፖርቱን ውጭ አራግፎ ሰቀለው። ይሄንንማ እንግዳ ሁሉ ያደርገዋል ብዬ አለፍኩት። እናቴ «እዚህ አረፍ በል» ብላ የአባቴን የጠፍር ወንበር አሳየችው። የንስሐ አባታችንም፣ አጎቴም፣ የመጣ ሰው ሁሉ ዘፍ የሚልበት ወንበር ነው። ሰውዬው ወንበሩን አየ። ከወንበሩ በላይ የተሰቀለውን የአባቴን ባርኔጣ አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከዚያ በሩ ሥር ያለችውን በርጩማ ሳበና ያን የሚያህል ቁመቱን አጣጥፎ ተቀመጠባት። እናቴ ደጋግማ ብትለምነውም «እዚህ ይመቸኛል» ብሎ ንቅንቅ አላለም። ምን እንደበላሁ እንኳ አላስታውስም።

እትዬ ስንዱ ለውዝ እየቆሉ ደረስኩባቸው።

«ምን ተናገረ?»

«እዚህ ይመቸኛል አለ፤ በቃ።»

«ምን አየሽ?»

የወንበሩን ነገር ነገርኳቸው። ማማሰያው እጃቸው ላይ ቀረ፤ ለውዙ ማረር ጀመረ። «አይ አንቺ ልጅ! ታዲያ እዚህ ምን ይገትርሻል? እናትሽ እየጠበቀችሽ አይደል?»

ሮጬ ገባሁና «ይምጣ» አልኳት። እናቴ እልልታ ሊያመልጣት ነው መሰለኝ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ዲሽና ፍላሽ ሲመጣ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። እትዬ ስንዱ አርጅተው ዐምና አረፉ። ልቅሶው ላይ ዘመዶቻቸው ቤቱ ለታናሽ ወንድማቸው፣ ቴሌቪዥኑ ለእህታቸው ልጅ መሆኑን ሲያወሩ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ጎረቤት «አንቺስ እንደ ልጃቸው ነበርሽ፤ ምን ተዉልሽ?» አለችኝ።

አላምረው ጠጉሩ ሸብቶ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር የድንኳኑን ካስማ ያጠብቃል። በአገጬ ወደሱ አሳየኋት።

«አባቴን» አልኳት።