የጠየቅኩሽ ስለ ድመቷ ነው

ድመቷ የጨው ጆንያ ላይ ቁጢጥ ብላ ስታምጥ ባየኋት ጠዋት የደነገጥኩት ለእሷ አይደለም፤ ለራሴ ነው።

የሱቅ ድመት ናት። ነገሌ ላይ ሱቅ ያለው ሁሉ ድመት ነበረው፤ አይጥ እንደሆነች ስኳሩንም አቡጀዲውንም እኩል ነው የምትበላው። የኛዋ ድመት ኩሩ ነበረች። ከወጥ ቤቱ ጀርባ የተደፋ አመድ አላት፤ እዚያ ሄዳ፣ ቆፍራ፣ ጉዳይዋን ጨርሳ፣ አልብሳው ትመለሳለች። ቤት ውስጥ አንድም ቀን አበላሽታ አታውቅም። ያን ጠዋት ግን ጨው ላይ ወጥታ፣ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ጅራቷ እየተንቀጠቀጠ ቆየች፣ ቆየች፣ ምንም የለም። ወርዳ ጥግ ሄደች፣ እዚያም ቁጢጥ። ከዚያ ደግሞ ሚዛኑ ሥር። የተነሳችበትን ቦታ በጣቴ ብዳብስ ጠብታ ነገር ነካኝ፤ ወደ በሩ ብርሃን ወስጄ ሳየው ቀላ ያለ ነው። እሷ ቁጭ ብላ ከጅራቷ ሥር ትልስ ጀመር። ትልሳለች፣ ትጮሃለች፣ ደግሞ ትልሳለች።

ምን እንደሆነች ወዲያው ነው የገባኝ። እንዴት አይገባኝ? እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከዚያ በፊት አንድ ፅንስ ስድስት ወር ሊሞላው ሲል ወርዶብኛል። ያኔም ከመውረዱ በፊት ሽንቴ ያቃጥለኝ ነበር። በየደቂቃው ያስሮጠኛል፣ ስቀመጥ ጠብታ፣ ጠብታዋም እሳት። ያኔ ሁለቱን ነገር አላገናኘኋቸውም። ዓይን ነው አሉ፤ እኔም ዓይን ነው አልኩ። አሁን ያው ማቃጠል ያንኑ መንገድ ይዞ ሲመጣ ግን ጨነቀኝ። እንጀራ ስቆርስ፣ ደንበኛ ሳስተናግድ፣ ልብስ ሳጥብ፣ አንድ እጄ ሆዴ ላይ ነው፤ አለ ወይ? ተንቀሳቀሰ ወይ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ደረሰብኝ።

ለምን አልተናገርሽም የሚለኝ ካለ፣ እሱን አላህ ያሳየው። በደርግ ዘመን ነው፤ ከተማው ወታደር በወታደር፣ ሾፌር በሾፌር ነው። በዚያን ጊዜ ሽንቴን አቃጠለኝ ያለ ሰው ስሙ አንድ ነበር፤ ጨብጥ። ባሌ ነጋዴ ነው። ፊልቱ ይሄዳል፣ አሬሮ ይሄዳል፣ ሲሄድም ወር ከመንፈቅ ይቆያል። ብናገር ወይ እሱ አመጣባት ይባላል፣ ወይ ደግሞ፣ ይሄኛው ነው የሚያስፈራው፣ እሷ ናት ያመጣችው ይባላል። እናቱ ቤት የገባሁ ሙሽራ ነኝ፤ ያውም አንዱ ወርዶብኛል። ይህን ብጨምርበት ጓዝሽን ጠቅልለሽ ክብረ መንግሥት እናትሽ ጋ ሂጂ ለመባል አንድ ቃል ነው የቀረኝ። አንዳንዴማ፣ እውነት እሱ አምጥቶብኝ ቢሆንስ እል ነበር። ያን ሰሞንም መንገድ ላይ ነበር፤ በሰላም ይመልሰው ብዬ ዱዓ እያደረግኩለት በዚያው አፌ እረግመዋለሁ።

የባሌን እናት በቦረና ወግ «አዮ» ነበር የምላቸው፤ እናቴ እንደ ማለት። ደግ ነበሩ ብዬ አልዋሽም። ክፉም አልነበሩም። ልክ የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ ስኳሩን በልክ፣ ነገሩን በልክ፣ በዚያ በጋ ደግሞ ውሃውን በልክ። ዝናቡ ቀርቶ ኩሬው ደርቆ ስለነበር ውሃ በአህያ ተጭኖ ከሩቅ ነው የሚመጣልን። በርሜሉ ቁልፍ አለው፣ ቁልፉም የእሳቸው ወገብ ላይ ነው። ለሰው በጣሳ ተለክቶ ይሰጣል፣ ለድመቷ የሰው ትራፊ። እኔ የተሰጠኝንም አልጨርሰው፤ ካልጠጣሁ አልሸናም፣ ካልሸናሁ አያቃጥለኝም ብዬ። ብልጠቴን አያችሁልኝ?

አዮ ድመቷን እንዳዩ «ማል ታቴ?» አሉ፣ ምን ሆነች ማለታቸው ነው። ጎንበስ ብለው ሆዷን በዓይናቸው መዘኑና ፈረዱ፤ «ምጥ ነው»። ድመት ምጥ ሲይዛት ጨለማ ትወዳለች፣ ሰው አይያት፣ አትብላ፣ አትጠጣ ተብሎ የሳሙና ካርቶን ውስጥ ጨርቅ ተነጥፎላት መጋዘን ገባች፤ ክዳኑም ተደፋባት። እኔ ምጥ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልጆቿን ጡት ያስጣለችው ገና ትናንት ነው፣ መቼ አርግዛ መቼ ልትወልድ? ግን «ምጥ አይደለም፣ ሽንት ነው» ብል «አንቺ በምን አወቅሽ?» ይከተላል። ነገርን ነገር ያነሳዋል።

ቀኑን ሙሉ ካርቶኑን ስትቧጥጥ እሰማታለሁ። ደንበኛ ሻይ ቅጠል ሲጠይቀኝ ክብሪት እሰጣለሁ። እሷ ስትጮህ ሆዴ ውስጥ ያለው የሚላወስ ይመስለኛል፤ ይላወስ ወይ እኔው ልንቀጥቀጥ አላውቅም። እሷ ከሞተች የኔም አይተርፍም የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባና አልወጣ አለኝ። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ማወቄ ግን አላዳነኝም።

በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑ ሲከፈት አንድም ልጅ የለም። ጨርቁ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ፣ እሷ አንገቷን ማንሳት አቅቷታል። አዮ አስፕሪን አድቅቀው በወተት ሊግቷት ሲነሱ፣ ከየት የመጣ ድፍረት እንደሆነ እንጃ፣ «አዮ፣ የከብት ሐኪሙ ይያት» አልኩ።

«ለድመት? ላኪሲ፣ ተይው» አሉ። «ሰው ይስቅብናል።»

«ጨዋችን ላይ ደም ጠብ ማለቱ ከተሰማስ ማን ይገዛናል?»

ነጋዴ ናቸው፤ ይሄኛው ገባቸው። ድመቷን በሻርፕ ጠቅልለን ዘንቢል ውስጥ አስቀመጥንና ወጣን።

የከብት ክሊኒኩ ከከተማው ዳር ነው። ሐኪሙ ከአንዲት ላም ጋር ሲታገል ቆይቶ ወደ እኛ መጣ። «አካም፣ ናጋ?» ብሎ አዮን ሰላም ካለ በኋላ ዘንቢሉን ከፍቶ ሲያይ ሳቀ። «ግመል አክሜአለሁ፣ ድመት ይዞ የመጣብኝ ግን የለም» አለ። ቢሆንም እጁን ታጠበ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኛት፣ በሁለት ጣቱ ከሆዷ በታች ቀስ እያለ ዳበሳት።

«ፊኛዋ ባዶ ነው፤ ደህና ነው» አለ። «እንደ ሎሚ ጠጥሮ ቢሆን ተዘግቶባታል ማለት ነበር፤ ያ ጊዜ አይሰጥም። ብዙውን ጊዜ የሚዘጋባቸው ወንዶቹ ናቸው፣ ቧንቧቸው ጠባብ ነው። ይቺ የምታምጠው ሞልቶባት ሳይሆን ውስጧ ቆስሎባት ነው። ውሃ ትጠጣለች?»

አዮ ወገባቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ነካ አደረጉ። «ትንሽ» አልኩ እኔ።

«ቶሎ ቶሎ ትቀመጣለች?»

«ቶሎ ቶሎ።»

«ስትቀመጥ ይወጣላታል?»

«ጠብታ። ጨረስኩ ብላ ስትነሳ ደግሞ ያልጨረሰች ይመስላታል።»

«ያቃጥላታል መሰለሽ?»

«ሲጀምር ሳይሆን መጨረሻው ላይ ነው የሚብሰው። ከዚያ ወደ ወገብ ይወጣል። ሰሞኑን ደግሞ ብርድ ብርድ ይላል።»

እጁ ድመቷ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ።

«የጠየቅኩሽ ስለ ድመቷ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። አዮን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ የቀሚሳቸው ጠርዝና የጫማቸው አፍንጫ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጫማው አልተንቀሳቀሰም።

ሰውየው ጨዋ ነበር፤ መልሶ ወደ ድመቷ አጎነበሰ። ለላም የሚወጋውን መድኃኒት ቀንሶ፣ አስቦ፣ ደግሞ ቀንሶ ወጋት። አስፕሪን እንዳታቀምሷት፣ ድመትን ይገድላል አለ፤ አዮ ምራቃቸውን ሲውጡ ሰማሁ። ውሃ በየጥጉ በሰፊ ሳህን አስቀምጡላት፣ ሥጋ ሲገኝ መረቁን ያለ ጨው አቅጥናችሁ ስጧት፣ አመዷን በየቀኑ ቀይሩላት፣ ግርግር ካለበት አርቋት፤ ጠብታውም ጭራሽ ከቀረ ግን ሩጡና አምጧት አለ። ዘንቢሉን ለአዮ ሲያቀብላቸው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄ በሽታ ድመትን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ አዮ። ላምንም ይይዛል፣ ሰውንም ይይዛል። የያዛት እርጉዝ ከሆነች ያስወርዳታል። ነገ ዛሬ አይባልም።» እኔን አላየኝም።

ወጣን። አዮ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር፤ ስድብን አውቀዋለሁ፣ ይመለሳል፣ ያልፋል። ወደ ቤት የሚታጠፈው መንገድ ጋ ስንደርስ አልታጠፉም። ቀጥ ብለው ወደ ሐኪም ቤቱ። ሊያስመረምሩኝ ነው፤ ጨብጥ መሆኑ በሐኪም አፍ ተነግሮ፣ በማስረጃ ሊሸኙኝ ነው።

«አዮ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አልኩ።

«ቅደሚ» አሉኝ።

ነርሷ ብልቃጥ ሰጥታኝ ሽንቴን አምጥቼ ሰጠኋት፤ የቀላውን ውሃ ሰው እንዳያይብኝ በመዳፌ ሸፍኜ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ መጠበቅ ነው። አዮ ዘንቢሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ያያሉ። ለባሌ የምናገረውን በልቤ አዘጋጃለሁ፣ አፈርሳለሁ። ለእናቴ ምን ብዬ በሩን እንደማንኳኳም አሰብኩ። ከሁሉ የባሰው ግን ሆዴ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም፣ ወይም ተንቀሳቅሶ እኔ በፍርሃት አልሰማሁትም።

ነርሷ ስትጠራን ሁለታችንም ገባን። ሳትናገር ቀደምኳት፤ «ጨብጥ ነው?» አልኩ፣ በሹክሹክታ።

«ማን ጨብጥ አለሽ? ሽንት ቧንቧሽ ነው የታመመው፤ ወደ ኩላሊትሽም እየወጣ ነው። ውሃ አትጠጪም እንዴ አንቺ?» አለች። ሆዴ ላይ በደቀነችው የማዳመጫ ጡሩንባ የልጁን ልብ ትርታ አዳመጠችና «አለ» አለችኝ። ከዚያ «ከዚህ በፊት እንዲህ አሞሽ ያውቃል?» ስትል አዎ አልኩ።

«ያኔስ ምን ሆንሽ?»

«ወረደብኝ።»

ነርሷ ክኒኑን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና ሳትጨርሺው እንዳታቆሚ አለችኝ።

ድመቷ ከእኔ ቀድማ ዳነች፤ ወደ አመዷ ተመለሰች። የበርሜሉ ቁልፍ ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ ነበር የሚሰቀለው። ልጄ ቦረናዎች ጋና በሚሉት በትልቁ ዝናብ ወቅት፣ ጣሪያው እየተደበደበ በሰላም ተወለደች። እስክትወለድ ድረስ ግን አንድም ቀን ሳልፈራ አልዋልኩም።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ያን ዕለት እዚያው ነርሷ ክፍል ውስጥ፣ እኔ ለመውጣት ስነሳ አዮ አልተነሱም። ዘንቢሉን እንዳቀፉ መሬት መሬት እያዩ «ይሄ ክኒን ለአሮጊትም ይሰጣል?» አሉ።

«ለማን ነው?» አለች ነርሷ።

አዮ በሻርፑ ላይ ድመቷን መዳበስ ያዙ። ሱቅ ውስጥ ሲቆጡ ገበያው ሁሉ የሚሰማው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

ነርሷ ወንበሯን አስጠጋች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያቃጥልዎት?»

«ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ» አሉ አዮ። «ከእሱ ቀጥሎ የመጡት አንዳቸውም አልቆዩልኝም።»

ባሌ ለእናቱ አንድ ነው። አንድ የሆነው ለምን ይሆን ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። አዮ ወደ እኔ ዞሩ፣ መልሱ እኔ ጋ ያለ ይመስል፣ «እኔስ ያኔ ለማን ልንገር?» አሉኝ።