እትዬ አስካለ ተፋትተው ነበር ወይ?

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሳሳተ መስኮት ላይ አርባ ደቂቃ ተሰለፍኩ። ከዚያ በፊት አየር ማረፊያ ዊልቸር ስገፋ ነው የኖርኩት። ወገቤ እምቢ ሲለኝ የዴንቨር ጎረቤት በሆነችው አውሮራ ከተማ ውስጥ የትርጉምና የፎርም ሥራ የሚሠራ አንድ ትንሽ ቢሮ ቀጠረኝ። ባለቤቱ አቶ ይርጋ አገር ቤት ሳሉ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። ወረቀት ሲቀበሉ በሁለት እጃቸው ነው።

«ብዙነሽ፣ ዴንቨር ሂጂና የአንድ ደንበኛችንን የፍቺ ውሳኔ ትክክለኛ ግልባጭ አምጪ» አሉኝ። ትክክለኛ ግልባጭ ማለት ጸሐፊው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጦ ማኅተም የመታበት ኮፒ ነው። እኔ ደግሞ አላውቅም ማለት ሞቴ ስለሆነ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። የተሰለፍኩት የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጥበት መስኮት ኖሯል! ከፊቴም ከኋላዬም ጥንዶች ተቃቅፈው ቆመዋል። ተራዬ ሲደርስ ጮክ ብዬ «ፍቺ ፈልጌ ነበር» አልኩ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ ክው አለች። ሠራተኛው ሳቁን እየዋጠ «እኛ እዚህ የምናጋባ ነን፤ ፍቺ ፍርድ ቤት ነው» አለኝና መንገዱን አሳየኝ።

ስመለስ አቶ ይርጋ አልተቆጡም። «ከእንግዲህ አትረሺውም» ብቻ አሉ። አልረሳሁትም።

ሥራውን ቀስ በቀስ አስተማሩኝ። የፍቺ መዝገብ ያለው ጉዳዩ የተከፈተበት ካውንቲ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ጋ ነው፤ ካውንቲ እንደኛ ወረዳ በሉት። ሌላ የመንግሥት ቢሮ ፍቺው መመዝገቡን ቢነግራችሁ እንኳ ውሳኔውን አይሰጣችሁም። ፎርሙ ላይ የባልና የሚስት ሙሉ ስም፣ ዓመቱ፣ ከታወቀ የመዝገብ ቁጥሩ ይሞላል፤ የጠያቂው መታወቂያ ይያያዛል። በቃ፣ ይኸው ነው። የኛ ሰው እስኪመጣ ድረስ ቀላል ሥራ ነው።

የኛ ሰው ቶርንተንም ይኑር አውሮራ፣ «ዴንቨር ነኝ» ነው የሚለው። ዓመቱን በኛ አቆጣጠር ይነግራችኋል። አድራሻ ስትጠይቁት «ከኮልፋክስ ገባ ብሎ» ይላችኋል። አውሮራ ደግሞ አንድ ከተማ ሆና ሦስት ካውንቲ ላይ የተዘረጋች ናት፤ የኮልፋክስን ጎዳና ስትሻገሩ ካውንቲው ይቀየራል። ስለዚህ አድራሻ መጠየቅ ተውኩና «ልጆቹ የት ነበር የሚማሩት?» ማለት ጀመርኩ። የቤት ቁጥሯን የረሳች እናት የልጇን ትምህርት ቤት አትረሳም። ከትምህርት ቤቱ ሰፈሩን፣ ከሰፈሩ ካውንቲውን አገኛለሁ። ዘዴው የኔ ነው። አቶ ይርጋ ለሌላ ሰው ሲያስተምሩ ግን የራሳቸው አስመስለው ነው የሚያወሩት።

እውነቱን ልናገርና የመዝገብ ቤቱ መስኮት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ማንም ሰው ከመንገድ ገብቶ «ከብዙ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ ነበር» ይላል፤ የማታውቀው ሴት ተነሥታ ትፈልግለታለች። ያውም ታገኘዋለች። መጀመሪያ ያገኘችልኝ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ሳገላብጥ ቆየሁ።

እትዬ አስካለ የመጡት ባለቤታቸው አቶ ደምሴ በሞቱ በሁለተኛው ወር ነው። ጥቁራቸውን አላወለቁም። ልጃቸው ናቲ እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። ባል ለሞተባት ሴት የሚከፈለውን ጡረታ ለማመልከት ሄደው፣ ሠራተኛዋ «ከባለቤትዎ ጋር ፍቺ ተጠይቆ ያውቃል?» ስትላቸው «አዎ» ብለው መልሰዋል። እሷም ጉዳዩ በምን እንዳለቀ የሚያሳይ የፍርድ ቤት ወረቀት በሠላሳ ቀን ውስጥ ያምጡ ብላቸዋለች።

«ማም፣ ጀስት ሴይ ኖ! የለም ብትዪ ማን ያውቅ ነበር?» አለ ናቲ።

«ልዋሽ?» አሉ፣ እሱን ትተው እኔን እያዩ።

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ነገሩኝ። ናቲ ሳይወለድ፣ ትልቋ ልጃቸው ተማሪ ሳለች፣ ክፉኛ ተጣሉ። አቶ ደምሴ ፍቺ አመለከቱ፤ እትዬ አስካለም ወረቀቱ ደርሶኛል ብለው ፈረሙና እህታቸው ቤት ገቡ። ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ለመስጠት ሦስት ወር መጠበቅ ነበረበት። አንዱ ወር ሳይሞላ ሽማግሎች ገብተው አስታረቋቸው፤ እቤታቸው ተመለሱ።

«ለፍርድ ቤቱስ ታርቀናል ብላችሁ ነገራችሁ?» አልኳቸው።

«ምን ብለን? ሽማግሌ አስታርቆን! ከዚያ በላይ ምን አለ ብለን ነዋ» አሉ። ድምፃቸው ግን ሰለለ። «ብዙዬ፣ ያ ፍርድ ቤት እኛ ሳናውቅ አፋቶን ከሆነ እኔ የደምሴ ምኑ ነኝ? ይሄን ሁሉ ዓመት ምኑ ሆኜ ኖርኩ? የቀበርኩትስ ምኔን ነው?»

አንጀቴን በሉት። አቶ ይርጋ፣ ፍቺው ጸንቶ ቢገኝ እንኳ እንደ ባልና ሚስት አብረው መኖራቸው ሕጋዊ ጋብቻ ነው ብሎ የሚከራከርላቸው ጠበቃ እንደማይጠፋ አስረዷቸው። እትዬ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ክርክር አልፈልግም። ሚስቱ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም? እሱን ብቻ ንገሩኝ» አሉ።

«ዴንቨር ነበርን» ስላሉ መጀመሪያ እዚያ ፈለግን፤ የለም። «ትልቋ ልጅዎ የት ነበር የምትማረው?» አልኩ። ወዲያው ነገሩኝ። ትምህርት ቤቱ ከኮልፋክስ በስተ ሰሜን ነው፤ ስለዚህ አዳምስ ካውንቲ ነው፣ ፍርድ ቤቱም ብራይተን ከተማ። ዓመቱን ወደ ፈረንጅ ለውጬ ፎርሙን ሞላሁ። «የሚጠየቀው ሰነድ» የሚለው ላይ «የፍቺ ውሳኔ» ብዬ ጻፍኩ። ፋይሉ አሮጌ ስለሆነ ከመጋዘን እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ተባልኩ።

መልሱ መጣ። «የተጠየቀው ውሳኔ አልተገኘም» ይላል። እኔ ደግሞ ምላሴ መቼ ይታገሣል! ወዲያው ደወልኩና «እትዬ አስካለ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ አልተፋቱም!» አልኳቸው። በስልኩ ውስጥ እልልታቸው አቶ ይርጋ ጠረጴዛ ድረስ ተሰማ።

አቶ ይርጋ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «ብዙነሽ፣ ውሳኔ አልተገኘም ማለትና ውሳኔ አልተሰጠም ማለት አንድ ነው እንዴ? ገጹ ጠፍቶ ቢሆንስ? ጡረታ ቢሮውስ ይሄን ይቀበላል?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መልሼ ደወልኩ። «ቸኩዬ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ገና አልታወቀም» አልኳቸው። አልተቆጡኝም እኮ! ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከሠላሳው ቀን የቀረን አንድ ሳምንት ነው።

በማግስቱ በመኪናዬ ይዤአቸው ብራይተን ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ነበር። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ገባንና፣ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ላለችው ጸሐፊ «ውሳኔውን አይደለም፣ ሙሉውን ፋይል ነው የምንፈልገው፤ ባለጉዳይዋም እሳቸው ናቸው» አልኳት። መታወቂያቸውን አየች፤ ገባች፤ ለመጀመሪያው ጥያቄዬ ከመጋዘን የመጣውን ስስ ፋይል ይዛ ተመለሰች።

ገለጥ ገለጥ አደረገችና «ይሄ እኮ ተዘግቷል» አለች። «ፍቺ አልተወሰነም። አመልካቹ ራሱ ማመልከቻውን አንሥቷል፤ ዳኛው መዝገቡ ይዘጋ ብለዋል።»

እኔ በአማርኛ ስነግራቸው እትዬ አስካለ «አመልካቹ ማነው?» አሉ።

«አቶ ደምሴ ናቸዋ!»

«ደምሴ? ደምሴ እዚህ መጥቶ?»

መጥተዋል። ቀኑ ተመትቶበታል፤ ከዕርቁ በኋላ ነው። ያኔ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ በሥራ መሀል ብቅ ብለው ይሆናል። በእጅ የተጻፈ ሦስት መስመር እንግሊዝኛ አለ፤ «ከሚስቴ ጋር ታርቀናል፣ ፍቺ አልፈልግም፣ እባክዎ ይዝጉልኝ» ይላል። ከሥሩ አንድ ሌላ ገጽ ተያይዟል። ጸሐፊዋ ወደ እኔ አዞረችው። «ይሄ ምን ቋንቋ ነው? ማንበብ ትችያለሽ?» አለችኝ።

አማርኛ ነው። እንግሊዝኛው አልበቃቸው ብሎ የቀረውን በአማርኛ ጽፈው ለዳኛው ሰጥተዋል። እትዬ አስካለ መነጽር አልያዙም፤ እኔ አነበብኩላቸው።

«ክቡር ዳኛ፣ ባለቤቴን አስካለን በድያታለሁ። ሽማግሎች ፊት መናገር አፍሬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም። ወረቀቱ ላይ እሷን ከስሼ የጻፍኩት ሁሉ ይሰረዝልኝ። ሚስቴ ናት።»

እትዬ አስካለ የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩ።

«አንተ ደምሴ!» አሉ። «ለማያውቅህ ፈረንጅ ዳኛ ትናገራለህ፣ እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ!» ሳቅም ልቅሶም ሆነባቸው። «ሽማግሎቹ ናቸው ‹አጥፍቷል› ያሉልኝ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ዝም ነው ያለው። አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን...» ጸሐፊዋ ሶፍት በመስኮቱ አቀበለቻቸው። ምን እንደሚል ስተረጉምላት እሷም አንዱን ለራሷ መዘዘች።

እዚያ ሕንፃ ውስጥ ያንን ገጽ ሊያነብ የሚችል አንድ ሰው አልነበረም። ግን ማንም አልጣለውም። ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም መትተው፣ ከሌላው እኩል አስቀምጠው ጠብቀውታል። ዳኛው ያላነበቡትን፣ የተጻፈላት ሰው ሰማችው።

እትዬ አስካለ ሁለት ትክክለኛ ግልባጭ አስወጡ። አንዱን ጡረታ ቢሮው ተቀበለ፤ በመልሱ ደብዳቤ ላይ ስማቸው የሟች ባለቤት ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛውን ለማን እንደሚሰጡት ስጠይቃቸው «ለማንም አልሰጥም፤ የኔ ነው» አሉኝ።

እዚህ ሥራ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይሄን ነው። የውሳኔውን ገጽ ብቻ አትጠይቁ፤ ሙሉውን ፋይል ጠይቁ። ባለጉዳዩ መሄድ ከቻለም ይዛችሁት ሂዱ።