ሬሳውን ነጠላ ያለበስኩ ቀን

ያን ቀን የነበርነው እኔ፣ ሴት ልጄ፣ ጎረቤታችን ጋሼ፣ አንድ ሙሉ ሳጥን ሳምቡሳ እና አንድ የሚተነፍስ ሬሳ ነን።

ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሰኞ ለውትድርና ልፈርም ነው አለችኝ። ቁስለኛ ማከም ነው ሥራዬ ብትለኝም ለእኔ ጥይት ጥይት ነው። ልመናውም ልቅሶውም አላዋጣኝም፤ ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ። ከምንኖርበት ከዌስተርቪል ወደ ሰሜን ሲነዳ ኢሪ ሐይቅ ይደረሳል። እዚያ ዳርቻ ላይ በበጋ ሰዎች የድሮ ወታደር ልብስ ለብሰው፣ በጀልባ እየመጡ፣ በአውሮፓ ጠረፍ የተደረገውን የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ውጊያ እንደ ቲያትር ያሳያሉ። ትየውና ትፍራ አልኩ። ጋሼን የወሰድኳቸው ደግሞ አገር ቤት ባሕር ኃይል ስለነበሩ ነው። "አደራ ጋሼ፣ አስፈራሩልኝ" ብያቸዋለሁ።

ልጄ ትነዳለች፣ ጋሼ ከጎኗ ተቀምጠዋል። "እስቲ የጦር ሜዳውን ይንገሯት" አልኳቸው ከኋላ።

ጋሼ ሳምቡሳቸውን እየገመጡ፣ "ወይ ጊዜ! ነጩን ልብስ ለብሰን ከተማ ስንወጣ ሴቱ ሁሉ ዞሮ ነበር የሚያየን" አሉ።

ልጄ ሳቀች። እኔ ወንበራቸውን በጉልበቴ ገፋሁት።

ሐይቁ ዳር ድንኳን ውስጥ ትንሽ ሙዚየም አለ፤ በዚያ ጦርነት የሞቱ ወጣቶች ፎቶ ተሰቅሏል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ቁጥር አያቅተኝም። ግን፣ "መነጽሬን ረሳሁ፣ ዕድሜውን አንብቢልኝ" አልኳት።

"ናይንቲን።"

"የዚህኛውስ?"

"ናይንቲን። ማሚ፣ መነጽርሽ ግንባርሽ ላይ ነው።"

ከዚያ ተኩሱ ጀመረ። ጀልባዎቹ የፊት በራቸውን እንደ አፍ ከፈቱ፣ ወታደሮቹም በውሃው ውስጥ እየሮጡ ወጡ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ከተመልካቹ ገመድ አጠገብ ወደቀና ሞተ። ጓደኞቹ ጥለውት አለፉ። ማዕበሉ እየተመላለሰ ወገቡን ያጥበዋል፣ ነፋሱም ቀላል አልነበረም። ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አላስቻለኝም፤ በገመዱ ሥር ሾልኬ ነጠላዬን አለበስኩት።

"ሜም፣ እኔ እኮ ሞቻለሁ" አለኝ በእንግሊዝኛ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"የሞተም ይበርደዋል" አልኩት በአማርኛ፤ አንገቱ ሥር ወተፍኩለት።

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ጋሼ፣ "ሳምቡሳም ስጪው እንጂ!" ብለው ጮኹ። ሰጠሁት። ሬሳው በላ።

ልጄ አፍራ መኪና ውስጥ ትደበቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። "ማሚ፣ ማንም ሳያዝሽ ተኩስ መሃል ሮጥሽ" አለችኝ። "እኔም የምፈልገው ይሄንኑ ነው።"

"በገዛ እጅሽ!" አሉ ጋሼ፣ አፋቸው ሙሉ እንደሆነ።

ሰኞ ፈረመች። አሁን ቴክሳስ ማሠልጠኛ ናት። ኮል ስታደርግ "አይም ፋይን" ብላ ትዘጋለች፤ ይሄ ለእናት ወሬ አይሆንም። ከእናንተ መካከል እዚያ ልጅ ያለው ካለ፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ያላት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሐበሻ ልጅ አይቶ እንደሆነ ይጠይቅልኝ። ትበላለች ወይ? ካልሲዋስ ደረቅ ነው? እባካችሁ ንገሩኝ።